ቴስታ የቁመት ጉዳይ አይደለም፦ ትውውቅ ከአሪትዝ አዱሪዝ ጋር

አሪትዝ አዱሪዝ በተጫወተባቸው ዓመታት የስፔን ላሊጋ ወሬ ሁሉ ሜሲና ሮናልዶ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥም ጨዋታ የሚታይባቸው ቤቶች በሁለት ጎራ ተከፍለው ሲከራከሩ ያመሹ ነበር። በዚሁ ጊዜ በሰሜን ስፔን፣ በቢልባኦ ከተማ፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ግቡም የሚጨምር አንድ አጥቂ ነበር። 35 ዓመት በሞላው የውድድር ዘመን በሁሉም ውድድሮች 36 ግብ አስቆጠረ። በዚያው ዕድሜ በአንድ የዩሮፓ ሊግ ጨዋታ አምስት አገባ። በ38 ዓመቱ ተቀይሮ ገብቶ ባርሴሎናን በመቀስ ምት አሸነፈ። ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ስሙ ሲነሳ ብዙ የኳስ ወዳጅ «ማን ነበር እሱ?» ብሎ መጠየቁ ያሳዝነኛል። ዓመታቱንና ወራቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እየጠቀስኩ ላስተዋውቃችሁ።

መሠረታዊውን ቶሎ ልጨርስ። አዱሪዝ የካቲት ወር 1981 በሳን ሴባስቲያን ተወለደ። ባስክ ነው። ቦታው የመሐል አጥቂ ነው። ለአትሌቲክ ቢልባኦ በሦስት የተለያዩ ጊዜያት ተሰልፎ 407 ጨዋታ አደረገ፣ 172 ግብ አገባ፣ በክለቡ ታሪክ በግብ ብዛት ስድስተኛ ሆነ። በ2020 ጫማውን ሰቀለ።

ክለቡን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አትሌቲክ ቢልባኦና አትሌቲኮ ማድሪድ ሁለት የተለያዩ ክለቦች ናቸው። በየሬዲዮው «አትሌቲኮ ቢልባኦ» የሚል ሰው ስሰማ ጆሮዬን ያመኛል። የማድሪዱ ክለብ በ1903 የተመሠረተው ማድሪድ ውስጥ ይማሩ በነበሩ የባስክ ተማሪዎች ስለሆነ የቢልባኦው ቅርንጫፍ ሆኖ ነው የጀመረው፤ የስሙ መመሳሰልም ከዚያ የመጣ ነው። የቢልባኦው ክለብ ከ1912 ገደማ ጀምሮ የሚያሰልፈው በባስክ ምድር የተወለዱትን ወይም እዚያ በእግር ኳስ ያደጉትን ብቻ ነው። በዚህ ሁሉ ገደብ ከላሊጋው አንድ ጊዜ እንኳ ወርዶ አያውቅም፤ ይህን ሊናገሩ የሚችሉት ከእሱ ሌላ ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ብቻ ናቸው። ቡድኑ የሚመርጥበት ሕዝብ ጥቂት ነውና አንድን ተጫዋች ጥሎ ሌላ ከገበያ ማምጣት አይችልም። ይህ ሕግ የአዱሪዝን ሕይወት ነክቶታል። ክለቡ በወጣትነቱ ሁለት ጊዜ ቢያሰናብተውም፣ በ31 ዓመቱ መልሶ ጠርቶታል።

አዱሪዝ ያደገው አንቲጉኦኮ በሚባል የሳን ሴባስቲያን የታዳጊዎች ክለብ ነው። በዚያው ክለብ በዚያው ትውልድ ያለፉትን ልጆች ስም ስሙ፦ ሚኬል አርቴታ፣ ሻቢ አሎንሶ፣ አንዶኒ ኢራኦላ። አርቴታን ለአዲስ አበባ የአርሰናል ደጋፊ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። አሎንሶ የዓለም ዋንጫ አንስቷል፤ አሰልጣኝ ሆኖም ባየር ሌቨርኩሰንን በ2024 ያለ አንድ ሽንፈት የጀርመን ሻምፒዮን አድርጓል። ኢራኦላ ከአዱሪዝ ጋር በአትሌቲክ ማሊያ ለዓመታት ተጫውቷል። አንድ የሰፈር ክለብ ይህን ሁሉ ማፍራቱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ የዛሬው ርዕሴ ግን ከአራቱ መንገዱ ረጅም የሆነበት ልጅ ነው።

ረጅም ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ተመልከቱ። አሎንሶ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ በሪያል ሶሲዳድ ሲነግሥ አዱሪዝ በአትሌቲክ ተጠባባቂ ቡድን ውስጥ ነበር። በ2002 በዋናው ቡድን ለጥቂት ጨዋታዎች ተሞከረ፤ ከዚያ ተለቀቀ። ወደ ቡርጎስ ወረደ፤ ቡርጎስ ያኔ በሦስተኛው እርከን የሚጫወት ቡድን ነው። ከዚያ በሁለተኛው እርከን ቫያዶሊድ። በ2005/06 አጋማሽ አትሌቲክ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ሲንገዳገድ መልሶ ጠራው፤ አዱሪዝም ከነቡድኑ ተርፎ ቀረ። በ2008 ግን ክለቡ ለማዮርካ ሸጠው። ማዮርካ ሁለት ዓመት፣ ቫሌንሲያ ሁለት ዓመት ቆየ። በ2012 አትሌቲክ በ2.5 ሚሊዮን ዩሮ ለሦስተኛ ጊዜ አስመጣው። ያኔ የክለቡ አጥቂ ፈርናንዶ ዮሬንቴ ነበር፤ ወጣት፣ ግዙፍ፣ የዓለም ሻምፒዮን። ዮሬንቴ ግን መልቀቅ ይፈልግ ነበር፤ ከዓመት በኋላም ወደ ጁቬንቱስ ሄደ። አዱሪዝ የመጣው ለክፉ ቀን እንዲሆን ነበር። 31 ዓመቱ ነው። አብዛኛው አጥቂ በዚህ ዕድሜ የመጨረሻ ደህና ደመወዝ ወደሚገኝበት ይሄዳል። ከ172ቱ ግቦች አብዛኞቹ የገቡት ግን ከዚህ ቀን በኋላ ነው።

«ዘግይቶ የበሰለ» ይሉታል። ይህ አባባል ልክ አይመስለኝም። ለአንድ ሰው በ34 ዓመቱ በድንገት አዲስ ችሎታ አይወርድለትም። አዱሪዝ በቡርጎስ ጭቃ ላይ፣ በቫያዶሊድ ቅዝቃዜ ውስጥ ሲማረው የኖረው ሙያ ነበረው። ያ ሙያ ደግሞ ፍጥነት ሲቀንስ አብሮ የማይቀንስ ዓይነት ነው። ሙያው ቴስታ ነው፤ ኳስን በግንባር መግጨት።

ስለ ቴስታ ሲወራ የምሰማው ስህተት ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ረጅም ስለሆነ ነው የሚያገባው።» አዱሪዝ ቁመቱ 1.80 ሜትር ገደማ ነው። ከሚገጥማቸው የመሐል ተከላካዮች ብዙዎቹ ይበልጡታል። በላሊጋ ሜዳ ላይ 1.80 የሆነ ሰው ረጅም ተብሎ አይጠራም። እሱ ግን ከእነሱ በላይ ተነስቶ ሲገጭ ዓመታት አለፉ። እንዴት?

መጀመሪያ ዝላዩን ራሱን እንመልከት። አንድ ሰው ሲዘል 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ እግሩ ከመሬት ለቅቆ ተመልሶ እስኪነካ የሚወስደው ጊዜ 0.64 ሰከንድ ገደማ ነው። ዓይን ጨፍኖ እንደመግለጥ ያህል አጭር ይመስላል፤ አከፋፈሉ ግን እኩል አይደለም። ወደ ላይ የሚወጣ አካል ጫፉ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይሞታል። ስለዚህ ከዚያ ጊዜ ግማሹን፣ 0.32 ሰከንዱን፣ የሚያሳልፈው በዝላዩ የላይኛው ሩብ ውስጥ ነው፤ በ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቦታ ማለት ነው። ኮሜንታተሮች «አየር ላይ ቆመ!» ብለው የሚጮኹት ለዚህ ነው። ማንም አየር ላይ አይቆምም። ሁሉም ዘላይ ግን ጫፉ ላይ ትንሽ ይዘገያል። አዋቂው ያቺን የዘገየች ቅጽበት ኳሷ ከምትደርስበት ቅጽበት ጋር ያገናኛል፤ ያላወቀው ደግሞ ወይ ገና እየወጣ ወይ እየወረደ ሳለ ኳሷ ታልፈዋለች።

አሁን ቁመቱን ወደዚህ ሒሳብ አስገቡት። አንድ ተከላካይ ከአዱሪዝ በስምንት ሴንቲ ሜትር ይረዝማል እንበል። አዱሪዝ ጫፍ ላይ ሲሆን ተከላካዩ የተነሳው ዘግይቶ ከሆነና ከጫፉ 20 ሴንቲ ሜትር ቢቀረው፣ የስምንቱ ሴንቲ ሜትር ብልጫ የት ገባ? ጠፋ። ያለ ሰዓቱ የዘለለ ረጅም ሰው በሰዓቱ ከዘለለ አጭር ሰው ያጥራል። ስህተቱ ደግሞ ሰፊ መሆን የለበትም። በሰከንድ 20 ሜትር የምትበር ክሮስ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ሁለት ሜትር ትሄዳለች። ሁለት ሜትር ማለት ግብ በማግባትና በመሳት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሌላው በቴሌቪዥን የማይታየን ክፍል ከዝላዩ በፊት ያለው ነው። ካሜራው ኳሷን ይዞ ከክንፉ ተጫዋች ጋር ሲሮጥ አጥቂው ከሥዕሉ ውጭ ነው። ሥራው የሚሠራው ግን እዚያ ነው። አዱሪዝ ክሮሱ ከመነሳቱ በፊት ከተከላካዩ ትከሻ ጀርባ ይቆማል፤ ተከላካዩ ወይ ኳሷን ወይ እሱን ማየት አለበት፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይችልም። ከዚያ ሁለት እርምጃ ይርቃል፤ ተከላካዩ ዞር ብሎ ያጣዋል። ኳሷ ከእግር ስትለቅ ወደ ባዶው ቦታ ይገባል። ታክሲው የት እንደሚቆም የሚያውቅ ሰው አይጋፋም፤ ቀድሞ እዚያ ይቆማል። አዱሪዝም በሩጫ ከማንም አይቀድምም ነበር፤ መድረሻውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር እንጂ።

በሦስተኛ ደረጃ ሰውነቱ አየር ላይ የሚያደርገው ነገር አለ። ሲነሳ ክንዶቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ጉልበቶቹ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። አካሉ በአጠቃላይ የማይለወጥ ቅስት ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ እጅና እግር ሲነሱ ግን ጭንቅላቱ በጫፉ አካባቢ ቀጥ ባለ መስመር የሚንሸራተት ይሆናል። ይህ ለገጪው ዓይን መረጋጋትን ይሰጠዋል። ከዚያ ደረቱ ወደ ኋላ እንደ ደጋን ይለጠጥና ወገቡ ወደ ፊት ይመልሰዋል። አንገቱ ጠንክሮ ይያዛል። ኃይሉ ከወገብ ነው፤ አንገቱን ብቻ የሚያወዛውዝ ልጅ ራስ ምታት እንጂ ግብ አያገኝም። በመጨረሻም ኳሷ በግንባር ተገጭታ ወደ ታች ትላካለች፤ ወደ መስመሩ የወረደች ኳስ ነጥራ ስለምትነሳ ለበረኛ ከሁሉ ትከፋለች።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ምክንያት አለኝ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሰፈራችን ሜዳ ልጆች ሲሰለጥኑ ቆሜ አይ ነበር። ኮርና ሊመታ ሲል አሰልጣኙ አንዱን ልጅ «አንተ አጭር ነህ፣ ውጣና ከሳጥኑ ውጭ ጠብቅ» አለው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በዕረፍት ሰዓት አሰልጣኙ ዘንድ ሄጄ ስለ አዱሪዝ አጫወትኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝና «ወንድሜ፣ ይሄ ሜዳ ጠጠር ነው። ዘሎ ቢወድቅ ማን ያሳክመዋል?» አለኝ። ስለ ሜዳው እውነቱን ነው። ልጆች ኳስ በግንባር መግጨት እንዳያበዙ ማድረግም ተገቢ ነው፤ በእንግሊዝ ከ2020 ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ11 በታች የሆኑ ልጆች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይማሩ መመሪያ ወጥቷል። ግን ጊዜን መለካት፣ ከተከላካይ ጀርባ መጥፋት፣ ኳስ ከእግር ስትለቅ መነሳት ያለ ምንም ግጭት ሊማሩት የሚቻል ነገር ነው። በእጅ በተወረወረች ቀላል ኳስ፣ ኳሷን በእጅ እየያዙ መለማመድ ይበቃል። ያን ልጅ ከሳጥኑ ያስወጣው ቁመቱ ከሆነ፣ ያስወጣው ውሸት ነው።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ያ ሙያ ፍሬ ያፈራባቸውን ዓመታት በአጭሩ ልንገራችሁ።

በነሐሴ 2014 አትሌቲክ ለቻምፒየንስ ሊግ ምድብ ለመግባት ናፖሊን በደርሶ መልስ ገጠመ። ጣሊያን ላይ 1 ለ 1 ወጡ። በአትሌቲክ ሜዳ በሳን ማሜስ ናፖሊ መራ፤ አዱሪዝ በስምንት ደቂቃ ልዩነት ሁለት አገባና ጨዋታው 3 ለ 1 አለቀ።

በነሐሴ 2015 ደግሞ ባርሴሎና መጣ። ያ ባርሴሎና በዚያው ዓመት ላሊጋውን፣ የንጉሡን ዋንጫና ቻምፒየንስ ሊግን የጠቀለለ፣ ገና በዚያው ሳምንት የአውሮፓ ሱፐር ካፕን የጨመረበት ቡድን ነው። በስፔን ሱፐር ካፕ የመጀመሪያ ጨዋታ ሚኬል ሳን ሆሴ ከመሐል ሜዳ አካባቢ መትቶ ከፈተ። ከዚያ አዱሪዝ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሦስት አገባ፤ የመጀመሪያዋ በቴስታ ነበረች። 4 ለ 0። በመልሱ ካምፕ ኑ ላይ 1 ለ 1 ሲወጡም የአትሌቲክን ግብ ያገባው እሱ ነው። ክለቡ ዋንጫ ካነሳ 31 ዓመት ሆኖት ነበር፤ የቀድሞው በ1984 ነው። አትሌቲክ በሁለቱ ጨዋታዎች ካገባቸው አምስት ግቦች አራቱ የአንድ የ34 ዓመት ሰው ናቸው። «ባርሴሎና ደክሞ ነበር» የሚሉ ሰዎች አሉ። ደክሞም ይሁን፣ በዚያው ድካም ስንቱ ቡድን ተሸንፎ ተመለሰ።

በዚያው የውድድር ዘመን በላሊጋ 20፣ በዩሮፓ ሊግ 10 አገባ፤ በዩሮፓ ሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ማርሴይ ላይ ከሩቅ በአየር የመታትን ኳስ ያላየ ሰው ፈልጎ ይይ። በ2010 አንድ ጊዜ ጠርቶት የረሳው የስፔን ብሔራዊ ቡድንም ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ በመጋቢት 2016 መልሶ ጠራው። ጣሊያን ላይ አገባ። በፈረንሳይ በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫም ተሳተፈ።

ኅዳር 2016 ለብቻው ይነገር። በ3ኛው ቀን የቤልጅየሙ ጌንክ ሳን ማሜስ ላይ ተገኘ፤ አትሌቲክ 5 ለ 3 አሸነፈ፤ አምስቱንም አዱሪዝ አገባ። ሦስቱ ፍጹም ቅጣት ምት ስለሆኑ የሚያናንቁበት አሉ። እስቲ በአንድ ምሽት ሦስት ጊዜ ያንኑ በረኛ ፊት ለፊት ቆማችሁ ሦስቱንም አግቡ! በ12ኛው ቀን ለስፔን መቄዶንያ ላይ አገባ። ዕድሜው 35 ዓመት ከ275 ቀን ነበር፤ ከ1930 ጀምሮ የቆየውን የስፔን አንጋፋ ግብ አግቢ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2017/18 እንደገና ከዩሮፓ ሊጉ ኮከብ ግብ አግቢዎች አንዱ ሆነ። 37 ዓመቱ ነበር።

ነሐሴ 2019፣ የላሊጋው መክፈቻ፣ እንደገና ሳን ማሜስ፣ እንደገና ባርሴሎና። አዱሪዝ ያ ዓመት የመጨረሻው እንደሚሆን አስቀድሞ ተናግሯል። በ88ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ገባ። አንደር ካፓ ከቀኝ አሻገረ። ተከላካዩ ኳሷ ላይ ነው ዓይኑ። አዱሪዝ ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ ተነሳና በመቀስ ምት ከመረቡ አገናኛት። 1 ለ 0። ሁሉም ስለ መቀስ ምቱ ነው ያወራው። እኔ ግን ቪዲዮውን ባየሁ ቁጥር የማየው ከዚያ በፊት ያለውን ነው፤ ከተከላካዩ ጋር እየተገፋፋ ቦታ የሚሠራበትን፣ ኳሷ የት እንደምትወርድ ከሁሉም ቀድሞ የሚያውቅበትን። ይህ ቴስታ ላይ የተማረው ሙያ ነው፤ በእግር ተሠራ እንጂ ያው ነው።

ሰውነቱ ግን ዋጋ ከፍሏል። ዘሎ መውደቅ፣ ተገፍቶ መውደቅ፣ ለሃያ ዓመት። በግንቦት 2020 ማቆሙን ሲያስታውቅ ሐኪሞች ዳሌው በሰው ሠራሽ አካል እንዲተካ ቶሎ ቀዶ ሕክምና እንዲያደርግ መክረውታል፤ የዕለት ተዕለት ኑሮውን እንኳ በወጉ እንዲኖር። አትሌቲክ ያኔ ለንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ አልፎ ነበር። ተጋጣሚው ሪያል ሶሲዳድ ነው፤ የአዱሪዝ የትውልድ ከተማ ቡድን። ፍጻሜው በኮሮና ምክንያት ተራዝሞ በሚያዝያ 2021 ተደረገ፤ አዱሪዝ አልነበረም፣ አትሌቲክም 1 ለ 0 ተሸነፈ። አትሌቲክ የንጉሡን ዋንጫ ያነሳው በ2024 ነው።

ስለዚህ ዋንጫ ብቻ ለሚቆጥር ሰው የአዱሪዝ ዝርዝር አጭር ነው፤ ከአትሌቲክ ጋር ያነሳው ያንን አንድ ሱፐር ካፕ ነው። ተጫዋችን በዋንጫ ብቻ የሚመዝን ግን የሚመዝነው ክለቡን ነው። አንድን አጥቂ ለመመዘን ሌላ ጥያቄ ይሻላል፦ ፍጥነቱ ከሄደ በኋላ ምን ቀረው? ለብዙዎች መልሱ ጥቂት ነው። አዱሪዝ ጋ ግን የቀረው ዋናው ነበር። በ22 ዓመቱ ሦስተኛ እርከን የወረደው ልጅ ተስፋ ቆርጦ ቢሆን ኖሮ አትሌቲክ በዚያ የ2015 ምሽት ዋንጫውን ማን እንደሚያመጣለት አላውቅም።

አሁን አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። በቀጣዩ ጨዋታ የክንፍ ተጫዋች ኳስ ይዞ ሲገሰግስ ዓይናችሁን ከኳሷ ላይ አንሱና የመሐል አጥቂውን ተመልከቱ፤ የት እንደቆመ፣ መቼ እንደራቀ፣ መቼ እንደተነሳ። ግቡ ከመግባቱ በፊት ገጪው ማን እንደሚሆን ማወቅ ትጀምራላችሁ። ልጅ የምታሰለጥኑ ከሆነ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ኮርና ሲመታ አጭሩን ልጅ ከሳጥኑ አታስወጡት።